ተጠምዶ የታየው ካርድ

አለቃዬ የቀረሁባቸውን ቀናት በጣቱ ቆጠረና "ሥራሽን ማንም አልጠላውም፤ መንገድሽ ግን አስቸገረን" አለኝ። እውነቱን ነው። የምኖረው ቡራዩ፣ ቢሮው አዲስ አበባ። የአምቦ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ተቃውሞ በተነሣ ቁጥር ድንጋይ ይደረደራል፣ ጎማ ይቃጠላል፣ ታክሲው ሰው አራግፎ ይመለሳል። ሥራዬ ገና መሠረቱ ያልወጣ ቪላና ፎቅ ያለቀ አስመስሎ በኮምፒዩተር ምስል ማውጣት ነበር። አለቃዬ አንድ የመጨረሻ ዕድል ሰጠኝ፤ የራሴ ማሽን ካለኝ ቤቴ ቁጭ ብዬ በየምስሉ እየተከፈለኝ እሠራለታለሁ፣ ከሌለኝ ወሩ ሲያልቅ ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል።

የምገዛበት ብር አላጣሁም፤ የኔ ግን አልነበረም። አባቴ ጤፍ ይዘሩበት የነበረው ማሳ ለቤት መሥሪያ ተወስዶ ካሳ ተከፍሏቸዋል። የኛ ነገር ያለቀው፣ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል ተብሎ ተቃውሞውን ያስነሣው ማስተር ፕላን በሰው ሁሉ አፍ ከመግባቱ በፊት ነው። ከጎረቤቶቻችን አንዳንዱ በካሳው ባጃጅ ገዛ፣ አንዳንዱ ድግስ ደገሰ፣ አንዳንዱም ጠጣው። አባቴ ግን ከባንክ ሳያወጡ ከረሙ። ችግሬን ስነግራቸው ብዙም አላሰቡ። "የቀረው ይኼው ነው፤ ከዚህ ሌላ የምሰጥሽ የለኝም" አሉኝ። ይህን ብር ካባከንኩት ሥራዬም፣ ከማሳው የተረፈውም አብረው ይሄዳሉ። የዕቃውን ዝርዝር ልጽፍ የተቀመጥኩት ይህን እያወቅሁ ነው።

ተገጣጥሞ የሚሸጠው ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቼ ራሴ ልገጥመው ቆረጥኩ። ኢንተርኔቱ በተዘጋበት ሰሞን የቱ ከየቱ እንደሚሻል የምጠይቀው አልነበረኝም። አንድ ነገር ግን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ የምሠራበት ፕሮግራም ምስሉን የሚያወጣው በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው። ብሬ መሄድ የነበረበት ወደ ፕሮሰሰርና ወደ ራም ነበር። ግን ልደብቅ ብል ምን ይጠቅመኛል፣ የመኪና ውድድር ጌም ስወድ ለጉድ ነው። ጌሙን የሚያፈጥን ትልቅ ግራፊክስ ካርድ አማረኝ። ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ በቀይ መብራት የሚያበራ ኬዝም፣ ዕቃው ሁሉ የሚገጠምበት ሣጥን፣ አማረኝ። "ለሥራውም ይጠቅማል" እያልኩ ራሴን ሸወድኩ።

መንገዱ ተከፈተ በተባለ በአንድ ጠዋት ልወጣ ስል አባቴ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። "ብቻሽን አትሄጂም" አሉ። ተከራክሮ የረታቸው ሰው ስለሌለ አብረን ወጣን።

መርካቶ የገባንበት ሱቅ ባለቤት ምላሱ ቅቤ ነበር። ያገለገለ ትልቅ ካርድ አውጥቶ በጨርቅ እየወለወለ "ይቺ አውሬ ናት እህቴ፤ አዲሷን በዚህ ብር አታልሚያትም" አለኝ። ከያዝኩት ግማሹን ትበላለች። ለፕሮሰሰሩ የሚተርፈው ምናምንቴ ነው። ቢሆንም እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄደ።

"ጠምደህ አሳየን" አሉ አባቴ።

ባለሱቁ ሳቀ። "አባባ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም።"

"በሬ ጥርሱ ብቻ ታይቶ አይገዛም። እኛ ጋ ተጠምዶ ሳያርስ ብር አይቆጠርም።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በኦሮምኛ "አባ፣ ተዉ፣ አያሳፍሩኝ" አልኳቸው። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ባለሱቁ ካርዱን የራሱ ማሽን ላይ ሰካና ጌም ከፈተ። መኪናዋ ስትበር አምስት ደቂቃ አየን። "ይኸው" አለ።

"ይህ አንድ ትልም ነው" አሉ አባቴ። "አንድ ትልም ማንም በሬ ያርሳል። ለጋሚው የሚታወቀው ፀሐይ ስትበረታ ነው።"

"ሥራ አለብኝ አባባ።"

"ሥራህን ሥራ፤ እኛ አንቸኩልም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።"

በኀፍረት ዓይኔን ጣሪያው ላይ ሰቅዬ ቆየሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ የካርዱ ማቀዝቀዣ ፋን ይጮህ ጀመር፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ተሰመረ፣ ከዚያ ጨለመ። ባለሱቁ "የመብራቱ ነገር ነው" ብሎ እንደገና አስነሣው። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ተኛ።

ፊቴ እንደ እሳት ጋለ። አሁን ያፈርኩት በራሴ ነው። የአባቴን ማሳ በቀይ መብራት ልለውጥ ምን ቀረኝ? ካርዱንም ኬዙንም ትቼ ወጣሁ።

ሌላ ሱቅ ገብተን ፕሮሰሰሩን ከአቅሜ ጫፍ ላይ ገዛሁ። ዐሥራ ስድስት ጊጋ ራም ጨመርኩ። የቡራዩ መብራት ሲመጣም ሲሄድም አያማክርምና ፓወር ሰፕላዩ ላይ አልሰሰትኩም። ካርዱ ዋስትና ያለው አዲስ፣ ግን ትንሹ ሆነ። ኬዙ ተራ ቆርቆሮ ነው። ሁሉም ተገጣጥሞ ሲሠራ አባቴ ተቀምጠው ጠበቁ፣ "ይበቃል" ሲሉም ተፈታትቶ ታሸገ። ከመርካቶ ሳንወጣ ለአለቃዬ ደውዬ "ሰኞ ሥራ ላክልኝ" አልኩት። "መጀመሪያ ቤትሽ ይግባ" አለኝ።

አስኮን አለፍ እንዳልን ታክሲው አወረደን፤ ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘግቷል። አባቴ ኬዙን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ እኔ ፕሮሰሰሩንና የቀረውን በቦርሳ ደረቴ ላይ አቅፌ በእግር ተያያዝነው። አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል፣ ወጣቶች ቆመዋል። ይቀሙናል፣ ወይ ይሰባብሩብናል ብዬ ቦርሳውን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ። አንዱ ወደ አባቴ ቀረበ።

"ኦቦ፣ ኩን ማሊ?" አለ። ይህ ምንድን ነው?

አባቴ ሸክማቸውን ሳያወርዱ መለሱ።

"ለፋ ኮቲ።"

መሬቴ ነው።

ልጁ አልሳቀም። ኬዙን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ አንዱን ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ መንገድ ለቀቀልን። እንባዬን ሳልጠርግ ተከተልኳቸው፤ ሁለቱም እጆቼ ፕሮሰሰሩን ይዘው ነበር።