ከእኔ በኋላ የተወለዱት

ጤና አዳም በእጅ ሲታሸት የሚወጣው ሽታ ከቅቤና ከሕፃን ትንፋሽ ጋር ሲቀላቀል ለሌላው ሰው ምን እንደሚመስለው አላውቅም፤ ለእኔ ግን የሆነ ነገር ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ይመስለኛል። ዘንድሮ ፍኖተ ሰላም ላይ ልጄን በወለድኩ ማግስት እናቴ ከገጠር መጥታ፣ ገና አረፍ ሳትል ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ዘለላ ጤና አዳም ፈትታ ከትራሴ ሥር ስትወሽቅልኝ፣ ሽታው አፍንጫዬን ነካውና ያ የልጅነት ቤታችን ከነመጋረጃው፣ ከነጨለማው ተመልሶ መጣብኝ።

ያደግኩት ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ነው። አባቴ በቆሎና በርበሬ ያመርት ነበር። ቤታችን ሰፊ ሣር ቤት ሆኖ፣ በአንድ ጎኑ እናቴ ስትወልድ የምትተኛበት መደብ በወፍራም ጋቢ ይጋረድ ነበር። ያን ጊዜ ልጅ የምንባለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ተወልጄ፣ ጠብቼ፣ ያለ ችግር ያደግኩ በኩር።

ወንድሜ የተወለደው በክረምት ነው። የአባቴ ታላቅ እህት እታለም ዘውዴ እናቴን ሊያርሷት መጥተው፣ ከመጡ ጀምሮ መስኮቱን ዘግተው፣ በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ጨርቅ ወትፈው፣ ሕፃኑን ነፋስ እንዳይነካው፣ ፀሐይም እንዳያየው አደረጉ። ደግ ሴት ነበሩ። እናቴን በእጃቸው እያጎረሱ፣ ሕፃኑን ቅቤ እያስላሱ፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ራሳቸው ይሠሩ ነበር። እኔም ከመጋረጃው ውጭ ቁጭ ብዬ ወንድሜ ሲያለቅስ ለመስማት ጆሮዬን እቀስር ነበር፤ ግን የዝናቡን ድምፅ እንጂ ሌላ አልሰማም ነበር። ልጁ አያለቅስም። ይተኛል፤ ነቅቶ ጡት ሲያጎርሱት ደግሞ ትንሽ ስቦ ይተወዋል፤ ወተቱም በጉንጩ ላይ ይወርዳል። ሊጠይቁ የሚመጡት ሴቶች ጨዋ ልጅ ነው፣ እናቱን አያስቸግርም እያሉ ያመሰግኑት ነበር። እናቴ ብቻ አልጠባ አለኝ እያለች ቀስ ብላ ለእታለም ስትነግራቸው እሰማ ነበር፤ እሳቸውም ይለምዳል ይሏት ነበር።

አንድ ጧት ዝናቡ ጋብ ብሎ በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ የጋቢውን ጫፍ ገልጬ ወደ ውስጥ አየሁ። ከበሩ የገባው ብርሃን እናቴ እቅፍ ውስጥ ወረደና የወንድሜን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርጌ አየሁት። ቢጫ ነበር። በእርድ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ይመስል ነበር። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ፣ ነጭ መሆን ያለበት ቦታ እንደ እንቁላል አስኳል ሆኖ ነበር። «እማየ፣ ልጁን እርድ ማን ቀባው?» ብዬ ጠየቅሁ። እታለም መጡና ጋቢውን ከእጄ ላይ ቀስ ብለው ወስደው ጋረዱት።

ቡሄ ሳይደርስ ሞተ። ክርስትና ስላልተነሳ ያለ ፍትሐት፣ ከቤታችን ጓሮ ከግራዋው ሥር ቀበሩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት። የእናቴ ጡት ልጁ መሞቱን አላወቀም፤ እየሞላ ያማት ነበር። ስለዚህ ጧት ጧት ወደ ጓሮ ወጥታ፣ ከግራዋው አጠገብ ተንበርክካ ወተቷን አፈሩ ላይ ታልበው ነበር። አታለቅስም። ስትነሳ ጉንዳኖች ከየሣሩ ሥር ወጥተው ተሰልፈው ወደዚያ ሲሄዱ አይ ነበር።

መስከረም ጠባና ጋራው ሁሉ በአደይ አበባ ቢጫ ሆነ። እኩዮቼ አበባ ሊለቅሙ ሲሮጡ እኔ ከደጃፋችን አልንቀሳቀስም ነበር። የሆነ ነገር በጋራው ላይ እየዳበሰ ያለፈ ይመስለኝ ነበር፤ እጁ ያረፈበት ሁሉ ቢጫ የሚሆን ነገር። ያንን ነገር በስሙ የሰማሁት በአጨዳ ጊዜ ነው። ለደቦ የመጡ ሴቶች እኔ የምሰማ ሳይመስላቸው እናቴን ሾተላይ አለባት አሉ። ሾተላይ እናትን እየተከተለ ልጆቿን የሚወስድባት፣ መልኩን ያየው ሰው የሌለ ነገር ነው። አባቴን ስጠይቀው ያንን ቃል ቤት አታስገቢው አለኝ፤ እኔም ቃሉ ራሱ በር የሚገፋ ይመስለኝ ጀመር።

በሚቀጥለው በጋ እህቴ ተወለደች። እታለም አሁን ጥንቃቄያቸውን አጥብቀው፣ ከትራሷ ሥር ቢላዋና ጤና አዳም አስቀምጠው፣ በደጃፉ ላይ እሾህ ሰክተው፣ ከቤተሰብ በቀር ሰው አላስገባም አሉ። እህቴ እንደ ወንድሜ ዝምተኛ አልነበረችም። ታለቅስ ነበር፤ ግን ልቅሶዋ የሕፃን አይመስልም፤ ቀጭንና ሹል ሆኖ፣ ከጣሪያው ሣር ውስጥ የሚመጣ የወፍ ጫጩት ድምፅ ይመስል ነበር። አንዳንዴ ከየት እንደሚመጣ ጠፍቶኝ ወደ ላይ እመለከት ነበር። በኋላ ጀርባዋ ወደ ኋላ እንደ ደጋን ይለጠጥ ጀመር፤ እናቴ ወደ ደረቷ ልትስባት ስትሞክር ራሷ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የሆነ ነገር ከጀርባዋ የሚጎትታት ይመስል ነበር።

አባቴ ይሄን ጊዜ አልቻለም። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ከመደቡ አንስቶ በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏት ቡሬ ጤና ጣቢያ እወስዳታለሁ ብሎ ተነሳ። እታለም ከበሩ ላይ ቆሙ።

«ወንድሜ፣ ክርስትና ያልተነሳችን ልጅ በቀትር ይዘህ ሜዳ ስታቋርጥ፣ የሚከተላት እንዳለ እያወቅህ?» አሉት።

«እቤትስ ውስጥ መች ተዋት፣ እታለም?» አለ አባቴ።

ከበሩ አልተነቃነቁም። እያለቀሱ ነበር። አባቴ ታላቅ እህቱን ገፍቶ የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ልጅቱን እንደታቀፈ፣ ከበሩ የሚገባው ፀሐይ እግሩ ላይ እያረፈ፣ ብዙ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ ለእናቴ ሰጣት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያ ቀጭን ድምፅ ቆመ፤ እኔ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ከጣሪያው ውስጥ እሰማው ነበር። ጤና ጣቢያ ቢደርሱ ትድን ነበር ወይ የሚለውን አባቴ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን አንስቶ አያውቅም።

ከእኔ በኋላ ሦስተኛው ልጅ ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል ተወለደ። ነገሩ ዱካዋን እንዲያጣ ተብሎ እናቴ የወለደችው ከወንዙ ማዶ፣ በአጎቴ ቤት ነው። እታለም ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ራሱን እንድይዝላቸው እኔን ጠሩኝ። ምን እንደሚያደርጉ አልነገሩኝም። አዲስ ምላጭ አውጥተው የግራ ጆሮውን ጫፍ በትንሹ ቆረጡ። ሕፃኑ ጮኸ፤ እውነተኛ የልጅ ጩኸት ነበር። የቆረጡትን በእንጀራ ጠቅልለው ለእናቴ ሰጧት። እናቴ አየችኝ፤ ዓይኗን ከዓይኔ ላይ ሳታነሳ ዋጠችው። በዚያ ጊዜ ያለቀሰ ከሕፃኑ በቀር አልነበረም።

«የማን ልጅ ነው ቢሉሽ፣ የሰው ነው በይ» አሉኝ እታለም። «የእኛ እንዳትይ። የሚሰማ አለ።»

ስለዚህ «የሰው» አልነው። በክርስትናው ቀን ሌላ ስም ቢወጣለትም እስከ ዛሬ ቤተሰቡ የሚጠራው የሰው እያለ ነው። እናቴ ግን በዚያ ሰሞን ማንም ያልነገራትን አንድ ነገር አደረገች። እታለም ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ጠብቃ፣ የጓሮውን በር ከፍታ፣ ልጁን ጧት ጧት ብርሃን ላይ አውጥታ ታየው ነበር። መዳፉን፣ ውስጥ እግሩን፣ ዓይኑን እየገለጠች ታያለች፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አብሬያት አይ ነበር። ቢጫው አልመጣም። የሰው አደገ፤ ጆሮው ጎደሎ ሆኖ፣ እንደ ሌላው ልጅ እየተራገጠ አደገ። አገሩም ሁሉ ያዳነው ጆሮው ነው አለ። እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ አልወለደችም።

ይህን ሁሉ እንደዚሁ ይዤው ኖርኩ። ባለፈው ዓመት ሳረግዝ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄጄ የደሜ ዓይነት ሲታይ፣ ነርሷ የእኔ አርኤች ፖዘቲቭ ስለሆነ ስጋት እንደሌለብኝ ነገረችኝ። ስጋቱ ምን እንደሆነ ስጠይቃት እንደ ቀላል ነገር፣ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ «ሾተላይ የሚባለው ነዋ» አለችኝ። የእናት ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይወለዳል፤ በወሊድ ላይ ግን ደሙ ከእናቱ ደም ጋር ይገናኝና የእናትየው ሰውነት እንደ ጠላት ይለየዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚረገዙትን ደማቸው እንደዚያ የሆኑትን ያጠቃቸዋል። ቢጫ ይሆናሉ አለችኝ። አስቀድሞ ከታወቀ በእርግዝና ላይና ከወሊድ በኋላ ቶሎ የሚሰጥ መርፌ አለ አለችኝ። ያ ቃል በጠራራ ቀን፣ ነጭ ቀለም በተቀባ ክፍል ውስጥ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ራሴን ያዞረኛል ትል ስለነበር በዚያ ሰበብ ወስጄ ደሟን አስመረመርኳት፤ ኔጌቲቭ ሆነ። ወንድሜ የሰው ቡሬ ሲማር ደም ለግሶ ስለነበር የእሱን ጠየቅሁት፤ እሱም እንደ እናቱ ነው። ያዳነው ያ ነበር። በባጃጅ ወደ ቤት ተመልሰን፣ ልጄን አጥብቼ ካስተኛሁ በኋላ ነገርኳት። የሚከተላት ነገር እንዳልነበረ፣ ደም እንደነበረ በምችለው ሁሉ ቀስ ብዬ ነገርኳት። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

«እና ጆሮው በከንቱ ነዋ» አለች።

ቀጥላም፣ ሰውነቷ ደሙን እንደ ጠላት እንዲለየው መጀመሪያ ያደረገው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የመጀመሪያው ልጅ ነው አልኳት፤ ስናገረው ነው የገባኝ። በቤታችን ያለ ችግር ያደግኩት በኩር እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ክረምት በመጋረጃው ሥር ስፈራው የኖርኩት ነገር የገባው እኔ በወጣሁበት በር ኖሯል።

እናቴ ፊቴን አየችው። እንደዚያ አድርጋ ያየችኝ ያን ቀን፣ እንጀራውን ስትውጥ ብቻ ነው።

«እንኳንም ቀደምሽ» አለችኝ። «ኋላ ብትመጪ አንቺንም አላገኝሽም ነበር።»

ከዚያ ተነስታ የሕፃኗን ጨርቅ ልታጥብ ሄደች።

አሁን ነርሷ ያለችኝን ሁሉ አደርጋለሁ። የልጄ እትብት ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አላስነካም፤ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ ራሱ እስኪወድቅ ተውኩት። ከጡት በቀር ቅቤም ውሃም አላቀምሳትም። ፊቷን አልሸፍንም፤ ጧት መጋረጃውን ገልጬ በቀን ብርሃን ቆዳዋንና ዓይኗን አያለሁ፤ ብትገረጣ ወይ ቢጫ ብትሆን፣ ጡት እምቢ ብላ ብታንቀላፋ፣ ይዣት ስሮጥ ከደጃፌ ላይ ቆሞ የሚከለክለኝ የለም። እናቴም ተለውጣለች፤ ገበያ ላይ እርጉዝ ሴት ስታገኝ ደሟን አይተውላት እንደሆነ ትጠይቃለች፤ ያንን ቃል ግን አንድም ቀን በአፏ አትጠራውም። እታለም በራችን ላይ ቆመው የጠበቁት ነገር ስም እንጂ ደም አልነበረውም፤ እኔ አሁን የማውቀው ደግሞ ደም ነው እንጂ መልክ የለውም፤ የትኛው እንደሚያስፈራ ገና አልለየሁም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ወንበሯን ስባ፣ ጀርባዋን ለልጄ፣ ፊቷን ለበሩ ሰጥታ እስኪጨልም ትቀመጣለች። ተነሺ አልላትም።