ጋሼ መብራትና የጓሮው ብልጭታ

ጋሼ መብራት ሠላሳ አንድ ዓመት የትራፊክ መብራት ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ቀይ ሲበራ የቆመ ሾፌር አይተው ያውቁ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ «አንድ፤ ነዳጅ አልቆበት» ይላሉ። ስለዚህ አመሻሽ ላይ በጓሯቸው ቦይ ዳር ብልጭ ድርግም የሚሉ ጢንዚዛዎች ሲያገኙ፣ በስተርጅና ተራ የሚጠብቅ ፍጡር አየሁ ብለው ደስታቸው ወሰን አጣ።

ደብተር ገዙ። በርጩማ አውጥተው የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀመጡ። እየበረረ በየስድስት ሰከንዱ አንዴ ብልጭ የሚለውን ወንድ «ዓይነት አንድ» አሉት። ሣር ላይ ሆና ከሁለት ሰከንድ በኋላ የምትመልስለትን ደግሞ ሚስቱ አደረጓት። መልኳን ማየት አላስፈለጋቸውም፤ መብራት የሚያውቅ ሰው መልክ ምን ያደርግለታል?

በአምስተኛው ቀን ወንዱ መልሷን ተከትሎ ወረደ። ጋሼ ባትሪያቸውን ሲያበሩ ሚስት ተብዬዋ ባሏን ከሆዱ ጀምራ እየበላችው ነው። ወዲያው ጻፉ፦ «የዓይነት አንድ ሴቶች ባላቸውን ይበላሉ።» ለዩኒቨርሲቲ የሚላክ ግኝት ነው ብለው ሁለቱንም በብርጭቆ ይዘው ወደ ቤት ሮጡ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስታቸው ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ መነጽሯን አደረገች።

«እነዚህ ደግሞ መቼ ዘመድ ሆኑ? የሱ አንገትጌ ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ ቀይ ነጥብ አለው። ክንፉ ጥቁር፣ ጠርዙ ብቻ ቢጫ። የሷን እየው፤ ጎባጣ፣ እግረ ረዥም፣ ክንፏ ላይ ሰያፍ መስመር የወረደባት።»

«ታዲያ የሚስቱን ብልጭታ ከየት አመጣችው?»

«አስመስላ ነዋ። ራቷን ፈልጋ።»

«እኔ እኮ ሰከንዱን በትክክል ቆጥሬያለሁ።»

«ቆጥረሃል። እሱም ቆጥሮ ነበር» አለች ሟቹን እያሳየች።

ጋሼ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ገጹን ሰርዘው «ዓይነት ሁለት፦ አስመሳይ» ብለው ጻፉ፤ መልኳንም ሚስታቸው እንዳለችው ቃል በቃል ገለበጡ፣ የማን ቃል እንደሆነ ብቻ ረስተው። ወደ ዩኒቨርሲቲው ላኩት፤ መልስም መጣ። ብልጭታው ቀደም ብሎ በሌሎች ተቆጥሯል፤ የመልኩ አገላለጽ ግን ግሩም ነው፣ ማን እንዳየው ቢነግሩን ይላል።

ጋሼ ደብዳቤውን ለሚስታቸው ጮክ ብለው አነበቡላት። የመጨረሻዋ መስመር ላይ ሲደርሱ ዓይኔ ደከመ ብለው ወረቀቱን አጣጠፉት።

«ስጠኝ» አለች እጇን ዘርግታ፣ «እኔ ልጨርሰው።»