ጋሽ ሽብሩና የጓዳ ኳስ

ከሆሳዕና መናኸሪያ ዝቅ ብሎ ያለውን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጋሽ ሽብሩንም ያውቃል። የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ዕለት የትምህርት ቤቱን ፊሽካ መለሱ፤ በማግሥቱ ሌላ ፊሽካ ገዝተው ሜዳው ላይ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሠፈሩን ልጆች ሰብስበው ኳስ ያስተምራሉ። ዝናብ መጣ ብሎ ልምምድ ማቋረጥ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ጥቁር ቦቲ ተጫምተው፣ ባርኔጣቸው ላይ ፌስታል ደርበው በጭቃው መሐል ሲንጎራደዱ ያዩ ልጆች "ጋሽ ጭቃ" የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ ጆሯቸው ደርሷል። አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ሳይወዱት አልቀሩም።

ለዚያ ሜዳ ያላቸው ፍቅር ከጎረቤት የሚያጣላ ነበር። አንዲት ጥጃ ገመዷን በጥሳ ሣሩ ላይ ከታየች ቁርሳቸውን አቋርጠው ይወጣሉ። በሰኔ ላሙን በሜዳው ያሳለፈን ሰው እስከ መስቀል ሰላም አይሉትም። ባለቤታቸው እትዬ ገነቴ፣ "ለእኔ ወገብ ሕመም ይህን ያህል ሮጠው ቢሆን ኖሮ እስካሁን በዳንኩ" እያሉ ይስቁባቸዋል።

ኳስ ማለት በጋሽ ሽብሩ አነጋገር ከመሬት ጋር የሚደረግ ሙግት ነው። ጭቃው ኳሷን ይይዛታል፤ ልጁ ያስለቅቃታል። ነፋሱ ይወስዳታል፤ ልጁ ነፋሱን ቀድሞ ያስባል። ኳስ ይዞ ያቀረቀረ ልጅ ካዩ ደግሞ አይለቁትም። "ቀና በል!" የምትለዋ ጩኸታቸው ከዝናቡ በላይ፣ እስከ መናኸሪያው ረዳቶች ድረስ ትሰማለች።

ነገር የተበላሸው የዛሬ ሁለት ክረምት ነው። ከልጆቹ ሁሉ ዓይናቸው ያረፈበት ሲላስ የተባለው ልጅ በነሐሴ ዝናብ ሲበሰብስ ውሎ የሳንባ ምች ያዘውና ሆስፒታል ተኛ። ልጁ ዳነ፤ የእናቱ ቂም ግን አልዳነም። እናቱ ትርፊት በመናኸሪያው በር ሻይ ቤት አላት፤ ምላሷ ከማንቆርቆሪያዋ ይልቅ የሚፋጅ ሴት ናት። ጋሽ ሽብሩ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ ቢሄዱ ፌስታሉን በር ላይ ተቀበለቻቸው። ይግቡ አላለችም። ልጇ ከእንግዲህ ያንን ጭቃ እንደማይረግጥ ብቻ ነገረቻቸውና በሩን ዘጋች።

በሚቀጥለው ክረምት ሶፎንያስ መጣ። ሶፎንያስ የጋሽ ሽብሩ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ ሐዋሳ ሄዶ ጥቂት ዓመት ተጫውቶ፣ አሠልጣኝነትም ተምሮ የተመለሰ ወጣት። ወደ ፎንቆ በሚያስወጣው መንገድ ዳር ያለውን የስንዴ መጋዘን አዲሱ እህል እስኪገባ ድረስ ተከራየው። ሲሚንቶውን አጠበ፣ መስመር ቀባ፣ ከብረት ትንንሽ ጎል አስበየደ። ልጆች አምስት ለአምስት እየሆኑ በሸራ ጫማ ይጫወቱበት ጀመር። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ውስጥ ኳሷ ግድግዳውን ትደበድባለች። እናቶች ደስ አላቸው፤ ልጃቸው ሳይበሰብስ ኳስ ተምሮ ይመጣል። ከሁሉ ቀድማ ልጇን ያስመዘገበች ትርፊት ነች።

ከጋሽ ሽብሩ ሜዳ ልጆች አንድ በአንድ ይጎድሉ ጀመር። አንዱ እናቴ እምቢ አለች ይላል፣ ሌላው ታምሜ ነው ይላል፣ የቀረው ምንም ሳይል ይቀራል። ሐምሌ ሲያልቅ አሥራ አንድ ልጅ ቀራቸው፤ ለተቀያሪ የሚተርፍ የለም።

አንድ ጧት ቦቲያቸውን እንደተጫሙ ወደ ትርፊት ሻይ ቤት ዘው አሉ። ሶፎንያስ እዚያ እንደማይጠፋ ያውቃሉ። እሱም አልጠፋም፤ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

"ደኅና አደሩ፣ ቲቸር።"

"ደኅና አድሬ ነበር፤ አንተን እስካይ ድረስ።"

የሻይ ጠጪው ጆሮ ቀና አለ። ሶፎንያስ ለአስተማሪው በሚገባ ትሕትና ነገሩን ሊያስረዳ ሞከረ። በጭቃ ላይ ኳሷ ስትቆም ልጁም አብሮ ይቆማል፤ ግማሹን ሰዓት የሚያሳልፈው ተራ በመጠበቅ ነው። በመጋዘኑ ግን ኳሷ ከእግሩ አትርቅም፤ እግሩ ይፈታል፣ ሐሳቡ ይፈጥናል፣ ደረቱም አይታመም አለ።

ጋሽ ሽብሩ ትሕትናውን አልተቀበሉም። ዶሮም ጓዳ ውስጥ ጥሬ ስትለቅም ፈጣን ናት፤ ደጅ ስትወጣ ነው ጭልፊት የሚወስዳት አሉ። ሲሚንቶው የልጆቹን ጉልበት እንደሚበላ፣ ጣራው ረጅም ኳስና ቴስታ እንደሚያስረሳ፣ ቆርቆሮው ደግሞ ምንጊዜም ኳስ የሚመልስ ጓደኛ ስለሆነ ልጁ እውነተኛ ጓደኛውን መፈለግ እንደሚተው ዘረዘሩ። የጓዳ ኳስ ነው፤ ጓዳ ያደገ ልጅ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል አሉ።

በዚህ ጊዜ የሶፎንያስም ትሕትና አለቀ። "ቲቸር፣ እርስዎ የሚያስተምሩት ኳስ እኮ አይደለም፤ እርሻ ነው።"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ጋሽ ሽብሩ ሲቆጡ አማርኛው ይሸሻቸውና በሀዲይሳ ነው የሚናገሩት። ያን ዕለት ግን ሁሉም እንዲሰማቸው ፈልገው ቃላቸውን እየለቀሙ በአማርኛ ተናገሩ።

"ለመስቀል ዋዜማ ይዋጣልን። ካሸነፍከኝ ክረምቱ ያንተ ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አንድ ልጅ አልጠራም። ካሸነፍኩህ መጋዘንህን ለአይጦቹ መልስ።"

"የት?"

"በሜዳዬ ነዋ። ግን ሜዳ ፈልጌ እንዳይመስልህ። በሜዳ ቢሆን፣ በጓዳ ቢሆን፣ የዱራሜ አውቶቡስ ጣራ ላይ ቢሆን ልጆቼ ልጆችህን ይበሏቸዋል።"

ትርፊት ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። ቀና ሳትል፣ "ሰምተናል፣ ጋሽ ሽብሩ" አለች። "እኔ ምስክር ነኝ።"

መስከረም ጠባ። የጋሽ ሽብሩ ጭንቀትም አብሮ ጠባ። ዝናቡ ቀደም ብሎ ቀነሰ፤ ፀሐይ ወጣች፤ ሜዳው ጠጠር ማለት ጀመረ። ደረቅ መሬት ላይ እነዚያ የሲሚንቶ ልጆች በአብዶ ሊያሳብዷቸው እንደሚችሉ አልጠፋቸውም። ዕድሜ ልካቸውን የተሟገቱት ጭቃ ሊከዳቸው ሆነ።

ጋሽ ሽብሩ የሠፈሩ የቅርጫ ማኅበር ሰብሳቢም ናቸው። መስቀል በዚያ አገር የዓመቱ ሁሉ በዓል ነው፤ ሴቶች ቅቤውን ከወራት በፊት ያጠራቅማሉ፣ ወንዶች በማኅበር ሆነው ሰንጋ ይገዛሉ። ዋጋው ሳይወደድ ቀደም ብለው የገዙ ማኅበሮች ታዲያ በየዓመቱ አንድ ችግር አለባቸው፤ በጠባብ ግቢ ያን ሁሉ በሬ የት ይሠሩታል? በዚያ ዓመት ሰብሳቢው ራሳቸው ተነሥተው፣ ሜዳው ላይ እሠሩ አሉ። የእኛ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱም ማኅበር ያምጣ አሉ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለአንዲት ጥጃ ስንቱን ያኮረፉ ሰው ናቸው።

"የሮዳስ አባት፣ አሞዎታል?" አሉ እትዬ ገነቴ። ሮዳስ የበኩር ልጃቸው ናት።

"ሜዳው የሕዝብ ነው" አሉ ጋሽ ሽብሩ።

"የሕዝብ መሆኑን ሶፎንያስ ነው የነገረዎት?" ብለው እትዬ ገነቴ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አርባ ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል፤ አይታለሉም።

ከሾኔ ገበያ የተነዱት ሰንጋዎች ሜዳው ላይ ተቸከሉ። በየካስማቸው ዙሪያ ሲዞሩ ሣሩን ፈጩት፤ ሰኮናቸው መሬቱን ወንፊት አደረገው። በላዩ ላይ የክረምቱ መጨረሻ ዝናብ ተመልሶ መጣና ጉድጓዱን ሁሉ ሞላው። ጋሽ ሽብሩ በየጧቱ ዳር ቆመው ይመለከታሉ። ሣራቸው ላይ ፋንድያ ሲያዩ ደስ ያላቸው በሕይወታቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የቀሩት አሥራ አንድ ልጆች ግን ሜዳው ስለተያዘ ልምምዳቸውን መንገድ ዳር አደረጉት፤ ጋሽ ሽብሩ ይህን ነገር ልብ አላሉትም።

የዋዜማው ዕለት ሰንጋዎቹ ወደየማኅበራቸው ተነዱ። ሠፈሩ ሁሉ ወጣ። ሁለቱም ወገን የተስማሙበት ዳኛ ከዱራሜ የመጣ አስተማሪ ነበር፤ አዲስ ነጭ ካልሲ አድርጓል። ሜዳውን ሊፈትሽ ወደ መሐል ሲራመድ አንድ እግሩ እስከ ቅልጥሙ ሰመጠ። ሲያወጣው ጫማው እዚያው ቀረ። ጫማውን በእጁ ፈልጎ አወጣ፤ ልጅ እግሩን ቢሰብር የሚጠየቀው እሱ እንደሆነና እዚያ ላይ ፊሽካ እንደማይነፋ ተናገረ።

ጋሽ ሽብሩ ጨዋታው ለሌላ ቀን ይተላለፍ አሉ። ነገር ግን ከነገ ወዲያ ሠፈሩ ባዶ ነው፤ ሁሉም ለበዓል ወደየገጠሩ ዘመዱ ይበተናል። ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር ትርፊት ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊት ወጣች።

"በጓዳም ቢሆን ብለዋል፣ ጋሽ ሽብሩ። እኛ የአውቶቡሱን ጣራ እንኳ ትተንልዎታል።" ከዚያም ጉድጓዶቹን በዓይኗ እየዞረች፣ "ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው ይላሉ አባቶች" አለች። ተረቱን አልጨረሰችውም። መጨረሻውን የማያውቅ አልነበረም።

ሰው ሁሉ ወደ መጋዘኑ ተጓዘ። በሩ ላይ "በጭቃ ጫማ መግባት ክልክል ነው" የሚል ተለጥፏል። ሶፎንያስ በሩን ይዞ ቆመ። ጋሽ ሽብሩ ቦቲያቸውን አወለቁ። አውራ ጣታቸው ከካልሲው ብቅ ብላ ነበር፤ ያየ ሁሉ ያላየ መሰለ፤ ያ ይበልጥ አንገበገባቸው።

ከአሥራ አንዱ አምስት መምረጥ ግድ ሆነ። ኳስ የአሥራ አንድ ሰው ነው እያሉ ያሳደጓቸውን ልጆች ስድስቱን ጆንያ ላይ አስቀመጧቸው። የተመረጡት ታኬታቸውን አውልቀው በተውሶ ሸራ ጫማ ገቡ። ፊሽካው እንደተነፋ የለመዱትን ጠለዛ ጠለዙ፤ ኳሷ ቆርቆሮውን መትታ እንደ ነጎድጓድ አስጮኸችውና በመጣችበት ተመልሳ ወደ ራሳቸው ጎል ገሰገሰች። በጭቃ የበረታው እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ይንሸራተታል። ያም ሆኖ በቀላሉ አልተበገሩም። ጉልበት ነበራቸው፣ እርስ በርስም ይጠራሩ ነበር። ሲያገቡባቸው መለሱ፣ ደግሞ ሲያገቡባቸው ደግሞ መለሱ። የሶፎንያስ ልጆች ድምፅ የላቸውም፤ ሁሉም አቀርቅሮ ከኳሷና ከግድግዳው ጋር ብቻ ነው ጉዳዩ። ጋሽ ሽብሩ ይህን አዩና፣ "አላልኩም?" ብለው በሆዳቸው ተደሰቱ።

ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል እኩል ነበሩ። ሲላስ ኳስ ይዞ ጥግ ገባ፤ ሁለት የጋሽ ሽብሩ ልጆች ከግድግዳው ጋር አጣበቁት። ሲላስ ኳሷን በውስጥ እግሩ ረግጦ ሳባት፣ ተሽከረከረና መውጫ በሌለበት ወጣ። ጋሽ ሽብሩ ይህን አላስተማሩትም። እሳቸው ራሳቸውም አይችሉትም። ማማሩ አበሳጫቸው። ልጁ ግን አሁንም አቀርቅሮ ወደሚቀጥለው ግድግዳ ሲያመራ፣ የስንት ዓመት ልማድ ከጉሮሯቸው ፈንቅሎ ወጣ።

"ቀና በል!"

መጋዘኑ አስተጋባ። ሲላስ ቀና አለ። ብቻውን የቆመ ጓደኛውን አየ፤ ሰጠው፤ ጎል ሆነ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ጋሽ ሽብሩን ነበር የሚያየው። ከዚያ በኋላ ሆታው ቆርቆሮውን ሊገነጥለው ደረሰ፤ ዳኛውም ጨዋታውን ጨረሰ። ጋሽ ሽብሩ ለሶፎንያስ እጃቸውን ዘረጉ፤ የዘረጉት እንደ ዱላ ነው። "ክረምቱ ያንተ ነው" አሉት። ሲላስ ወደ እሳቸው ሮጦ መጥቶ፣ "ቲቸር፣ ቀና ስል እኮ አየሁት" አላቸው።

"ዝም በል" አሉትና ቦቲያቸውን ፍለጋ ወጡ።

መስቀል ዋለ። ሰንጋው ታረደ፣ ቅርጫው ተከፋፈለ። ዝናቡ በዚያው ቀረና ፀሐዩ በረታ። ጋሽ ሽብሩ በበዓሉ ማግሥት ሥጋውንም ቅቤውንም ትተው አካፋ ይዘው ወጡ። ጉድጓዱ ሳይደርቅ ካልተደፈነ ሜዳው እንደ ሸክላ ይጠነክራል፤ እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ማንም አይጫወትበትም። እትዬ ገነቴ ሊከለክሏቸው አስበው ተዉት። በሬውን ያሠረው እጅ ይድፈነው አሉ።

ጥቂት እንደደፈኑ ከበስተኋላቸው ኮቴ ሰሙ። ሶፎንያስ ነው፤ አካፋ ተሸክሟል።

"ምን ቀረህ?"

"ጥቅምት ሲያልቅ መጋዘኑ ስንዴ ይገባበታል" አለ ሶፎንያስ። "ልጆቹ ሜዳ ይፈልጋሉ።"

ጋሽ ሽብሩ አካፋቸውን ተደግፈው ተመለከቱት። "የተወራረድነው ክረምቱን ነው። በጋው የእኔ ነው።"

"የእርስዎ ነው፣ ቲቸር።"

"ከዚያኛው ጎል ጀምር። ወደ እኔ አትጠጋ።" ዘወር ሊሉ ሲሉ ዓይናቸው የሶፎንያስ እግር ላይ ወደቀ፤ ነጭ ሸራ ጫማ ነው። "በጓዳ ጫማ ሜዳዬ አይገባም" አሉ።

ሶፎንያስ ጫማውን አወለቀ፤ ሜዳው ዳር፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በባዶ እግሩ በጭቃው መሐል ወደዚያኛው ጎል ሄደ።