ድንኳኑን ባዶ ያስቀረው ሳጥን

ባለፈው ሳምንት ከሰበታ ስመለስ የሚኒባሱ የኋላ ወንበር ደረሰኝ። ከወንበሩ ሥር ቤዝ የሚሉት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከነሳጥኑ ተገጥሞ ኖሮ፣ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሳጥኑ ያፏጫል። አጠገቤ የተቀመጠችው ተማሪ ምንም አልመሰላትም። እኔ ግን አናጺ ነኝና ወዲያው ገባኝ፤ የሠራው ሰው በደንብ አልደፈነውም፣ አየር ያሾልካል። ዓለም ገና እስክንደርስ ድረስ ሳስብ የነበረው ስለ ጎረቤታችን ስለ ኦቦ ዳባ ነው።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተነሳበት ዓመት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዓለም ገና ቤት ተከራይተን ከአባቴ ጋር እንኖር ነበር፤ እሱ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ይሠራል፣ እኔ ደግሞ በግቢያችን በር ላይ አልጋና ቁምሳጥን እሠራለሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል። የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቶ ስለሰነበተ ጓደኛዬ ለሚ ሚኒባሱን እኛ አጥር ሥር አቁሞ ሥራ ፈቷል። ሥራ የፈታ ሾፌር ደግሞ ሰው አያስቀምጥም።

"መንገዱ ሲከፈት ቤዝ አስገጥሜ ነው የምወጣው፤ ሳጥኑን አንተ ትሠራልኛለህ" አለኝ።

የቤዝ ሳጥን ከቁምሳጥን ይከብዳል ብል የሚያምነኝ የለም። የቁምሳጥን በር ትንሽ ቢከፈት ልብሱ የትም አይሄድም፤ የቤዝ ሳጥን ግን የመርፌ ቀዳዳ ከተገኘበት ድምፁ ይልፈሰፈሳል። ኤምዲኤፍ የሚባለውን ወፍራም ጣውላ ቆርጠን፣ በኮላና በብሎን አጣብቀን፣ የውስጡን ማዕዘን ሁሉ በኮላ በተለወሰ ሰጋቱራ ደፈንነው። ከዚያ ለሚ ስፒከሩን በመዳፉ ቀስ አድርጎ ሲጫን እኔ ጧፍ አብርቼ መጋጠሚያውን እከተላለሁ፤ ነበልባሉ የተወዛወዘበት ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቆሎ እየቆረጠምን ሁለት ቀን ስንደፍን ስናደርቅ ዋልን። ደስ የሚል ሥራ ነበር፣ ውጭ ያለውን ሁሉ ያስረሳል። ሊያስረሳን ግን አይገባም ነበር።

ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ ለቅሶ አለ። የኦቦ ዳባ ልጅ ቶሌራ ሰልፍ በነበረበት ቀን በጥይት ሞቶ፣ ድንኳን ተጥሎ ሰፈሩ ተቀምጧል። እኛም ጠዋት ጠዋት ደርሰን፣ ንፍሮ ዘግነን ነበር የምንመለሰው። በሦስተኛው ቀን መንገዱ ነገ ይከፈታል የሚል ወሬ መጣ። ለሚ መቀመጥ አቃተው።

"አንዴ ብቻ እንሞክረው።"

"ለቅሶ እያለ?"

"ዘፈን ማን ይከፍታል? ፍላሹ ላይ የመሞከሪያ ድምፅ አለኝ፣ ድም ድም ብቻ ነው። መስኮቱንም እንዘጋዋለን።"

እውነቱን ለመናገር እኔም ጓጉቼ ነበር። በለቅሶ ሰፈር ዘፈን መክፈት ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ዘፈን ካልሆነ ነውርም አይደለም ብለን ተስማማን።

ሳጥኑን ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር ሥር ገጥመን፣ ገብተን በሩን ዘጋን። ድም፣ ድም፣ ድም። ደረታችን ድረስ ተሰማን። ሳጥኑ ትንፍሽ አላለም። ተጨባብጠን እየሳቅን ወረድን።

መንገዱ ላይ ሰው የለም። ድንኳኑ በር ላይ ነጠላ ጫማ ተበታትኗል፣ የንፍሮው ሰፌድ ተገልብጧል። ያኔ ገባኝ። ከተዘጋ መኪና የሚወጣ ቤዝ ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው የተኩስ ድምፅ ነው የሚመስለው፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የሁሉም ጆሮ ተኩስ ይጠብቅ ነበር።

ለሚ ክንዴን ያዘኝ። "ዝም በል፣ ማንም አላወቀም። ካወቁ መኪናዬን ያቃጥሉብኛል።"

ከመሬት ተነስቶ አልነበረም የፈራው፤ በዚያው ሳምንት የተቃጠለ መኪና አይተናል። እኔም ፈራሁ። ግን በድንኳኑ ውስጥ ኦቦ ዳባን አየኋቸው። አልሮጡም። በባዶ አግዳሚ ወንበሮች መሀል ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አልፌያቸው መሄድ አቃተኝ።

"ተኩሱ ቆመ?" አሉኝ።

"ተኩስ አይደለም፣ ኦቦ ዳባ። እኛ ነን። የመኪና ሳጥን እየሞከርን ነበር።"

ለሚ ከኋላዬ መጥቶ ተንበረከከ። "ዲፋማ፣ አባ፤ ይቅር ይበሉን" አለ።

ኦቦ ዳባ ባዶዎቹን ወንበሮች ዞር ብለው አዩ። "ዲፋማው ይቆይ" አሉ። "የሮጡትን መልሱልኝ። ልጄን ብቻዬን ላልቅሰው?"

በየቤቱ ሄድን። በር ባንኳኳን ቁጥር ጥፋታችንን እንደ አዲስ መናገር ነበረብን። እትዬ አስካለ በበሩ ስንጥቅ እያዩኝ "ለሳጥን ነው በባዶ እግሬ የሮጥኩት?" ብለው እርግማኑን አወረዱብኝ። ከወላይታ መጥቶ ፋብሪካ የሚሠራው ጎረቤታችን ልጆቹን አልጋ ሥር ደብቆ ነበር፤ ስነግረው ግድግዳውን ተደግፎ "ጌታ ይመስገን" አለና እንባው መጣ። ከስድቡ ይልቅ ይሄ አሳፈረኝ። ሆኖም ሰዉ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳኑ ሞላ፤ የለሚን መኪናም የነካት የለም።

ኦቦ ዳባ ይቅር ብያችኋለሁ አላሉንም፣ እኛም ደግመን አልጠየቅናቸውም። አሁን ሳስበው ያኔ ይቅርታቸውን የፈለግነው ለራሳችን ዕረፍት ነበር፤ እሳቸው የሚያስፈልጋቸው ሰው ነበር።

ካቻምና ሐምሌ ላይ አባቴ አረፈ። ዝናቡ አላባራ ስላለ ለቀስተኛው ጭቃው ሳይብስበት እየተነሳ ይሄዳል። ኦቦ ዳባ ግን በሦስቱም ቀን ከጎኔ ንቅንቅ አላሉም። "ደክሞዎታል፣ ይሂዱ እንጂ" አልኳቸው።

"አንተን ብቻህን ትቼ?" አሉኝ።

ያ ይቅርታ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጠይቄያቸውም አላውቅም።