የኦርቪል ስታብስ እጆች

ይህን ለመጻፍ በመድፈሬ ይቅርታ አድርጉልኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር ስሜን ነው ማለት ይቻላል። ሥራዬ ካርታ ማደል ነው። እዚሁ ላስ ቬጋስ፣ ቱሪስት በማይደርስበት በቦልደር መንገድ በኩል ባለ ቁማር ቤት፣ የፖከር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አድላለሁ። ሥራው ዝም ማለት ይፈልጋል፤ እኔም ዝም ማለት አያቅተኝም። ስለ ኦርቪል ስታብስ የሚጽፍ ሌላ ሰው ጠብቄ ጠብቄ ሲጠፋ ግን እንደምንም እኔው ጀመርኩት። ያበላሸሁት ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሱ አይደለም።

አንቱ ሳልል የምጽፈውም ስለማላከብረው አይደለም። ፖከር ጠረጴዛ ላይ አንቱ የሚባል የለም።

ኦርቪል ለመዝናናት የሚጫወት ሰው አይደለም፤ መተዳደሪያው ነው። በወጣትነቱ ኦክላሆማ ውስጥ ጣሪያ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አለቃው በሰው ፊት ሰደበው። መዶሻውን እዚያው ጣሪያው ላይ ትቶ ወረደ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ እዚህ መጣ። ከዚያ ወዲህ አለቃ የለውም። ሁለት ሚስቶች ነበሩት፣ ሁለቱም ሄደዋል። "እነሱም አልከፉብኝ፣ እኔም አልከፋሁባቸው፤ ጠረጴዛው ነው" ይላል። ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ አያውቅም፣ ትልቅ ውድድር አሸንፎም አያውቅም። ኪራዩን ከፍሎ፣ እንቁላልና ድንቹን በልቶ፣ የማንንም ደጅ ሳይጠና ሸመገለ። በእኛ ዘንድ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከእሱ የሚበልጡ ስንት ጎበዞች አየሁ፤ ዛሬ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም።

የሚታወቀው በእጆቹ ነበር። ሰው ፊቱን ይቆጣጠራል፣ እጁን ግን ይረሳዋል። ትልቅ ካርታ የደረሰው ሰው በገንዘብ ፋንታ የምንጫወትባቸውን ቺፖች ወደ መሐል ሲገፋ እጁ ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ደስታው ነው። ይሄን እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። የሚንቀጠቀጥ እጅ ካዩ ካርታቸውን ጥለው ይወጣሉ። የኦርቪል እጅ ግን ከጠረጴዛው ጋር አብሮ የተሠራ ይመስል ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ቀኝ እጁ ቺፕ ሲገፋ ተንቀጠቀጠ።

ከጎኑ ሚልት ነበር፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ካርታውን ወረወረ።

"ሽማግሌው ንጉሦቹን ሰብስቧል። እኔ የለሁበትም።"

ዶሪንም ጣለች። ዶሪን ድሮ አስተናጋጅ ነበረች፤ አሁን እንደ ኦርቪል በዚሁ ጨዋታ ነው የምትኖረው፣ ምላሷም አይቻልም። "ዕድሜ ልኬን ጠብቄ ዛሬ አንድ ነገር አሳየኝ" አለች። "ልደቱ ይሆናል።"

ኦርቪል ግን የያዘው የማይረባ ካርታ ነበር። ይሄን ኋላ ነው የነገረኝ።

ለጥቂት ሳምንት ሁሉም እየሸሸለት አሸነፈ። ደስ አላለውም። ሌላ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። እኛ ጋ ግን እጅ የሚናገረው ስለ ካርታ ነው። ኦርቪልም የገዛ እጁን እንደ ተጋጣሚ እጅ አነበበውና ወኔዬ ከዳኝ ብሎ ደመደመ። ቤቱ ብቻውን ተቀምጦ ቺፕ መግፋት ይለማመድ ነበር። አንድ ቀን በዕረፍቴ ሰዓት ውጭ አገኘኝ።

"አንተ ሁሉንም ታያለህ። መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው? ባዶ እጄን ስሆን ነው ወይስ ጥሩ ካርታ ስይዝ?"

"ሁልጊዜ ነው" አልኩት።

እጁን ኪሱ ከተተ። እንደዚያ ያለ መልስ አልጠበቀም መሰለኝ።

ሐኪም ቤት የላከችው ዶሪን ናት። "ቡናህን ስታነሳም ይንቀጠቀጣል እኮ" አለችው። "ሲኒው ውስጥ ምን ካርታ ኖሮህ ነው?" ሄደ። የነርቭ በሽታ ነው፣ መድኃኒቱ ቢያዘገየው ነው እንጂ አያድነውም አሉት። ከዚያ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የት ይሂድ?

እጁ እየባሰበት ሲሄድ ሌላ ነገር መጣ። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደፍቶ ይሰጠዋል። ጥጉን በአውራ ጣቱ ቀና ያደርጋል፣ ያያል፣ ይደፋል። በቃ ይሄው ነው። ኦርቪል ጥጉን ሲያነሳ ግን ካርታው ሙሉ በሙሉ ይገለጥበታል፤ በግራም በቀኝም ያሉት ያዩታል።

ለዚህ ደንብ አለን፣ የትም ያልተጻፈ። የጎረቤትህ ካርታ ከታየህ ትነግረዋለህ፣ ግን አንዴ ብቻ። ነግረኸው ካልሸፈነ፣ ከዚያ በኋላ ያየኸው የአንተ ነው። ማንም አይወቅስህም።

"ኦርቪል፣ ካርታህ እየታየኝ ነው" አለችው ዶሪን።

"አመሰግናለሁ።"

"ሰምተኸኛል?"

"ሰምቻለሁ፣ ዶሪን።"

ሚልትም በበኩሉ ነገረው። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም። እኔ ደግሞ አልችልም፤ አዳይ በጨዋታ መሐል ለአንዱ ከተናገረ ይባረራል፣ ትክክልም ነው። የእሱን ካርታ ትንሽ ወደ ደረቱ አስጠግቼ መወርወር ጀመርኩ። ምንም አልጠቀመም።

ክፉ ሰዎች አይደሉም። ኦርቪል መንዳት ካቆመ ወዲህ ሚልት ነው በመኪናው የሚያመላልሰው። መንገዱን ሁሉ ስለ ቤዝቦል ሲከራከሩ ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ ሚልት ካርታውን ያይበታል። ሲመለሱ ደግሞ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚያ ወንበር መጠየቅ ተጀመረ። የተሻለ ቦታ ሲለቀቅ ልዛወር ማለት የማንኛውም ተጫዋች መብት ነው። "ከኦርቪል አጠገብ ያለው ሲለቀቅ ለእኔ ይሁን" ይሉኛል፣ እሱ እየሰማ። እኔም "እሺ" እላለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚልትን እየጠበቀ በር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እንደምንም ደፍሬ አፌን ከፈትኩ።

"ወንበሩን ለምን እንደሚጠይቁ ታውቃለህ?"

"እኔም እጠይቅ ነበር። ሃርላንን ታስታውሰዋለህ? ዓይኑ ሲደክም ካርታውን ወደ መብራቱ ቀና አድርጎ ነበር የሚያየው። አንዴ ነገርኩት። የብርዱን ወራት ሁሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ይሄን ጥርሴን ያሠራልኝ ሃርላን ነው በለው።"

"ታዲያ ተወው፣ ኦርቪል።"

"ትቼ ምን ልሁን? የእህቴ ልጅ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ፣ ክፍል አለኝ ትላለች። ልጆቿን በእግር ትምህርት ቤት እንዳደርስላት። ደግ ሰው ናት። ግን ተነሥ፣ ብላ፣ ተኛ የሚለኝ ሰው ሊኖር ነው።" እጁን በሌላው እጁ ያዘ። ሁለቱም ተንቀጠቀጡ። "ሌላ የማውቀው የለኝም እኮ፣ ወንድሜ። ጣሪያ ላይ አልወጣ።"

"ከእኔ ጎን ያለውን ወንበር ልያዝልህ? በአንድ በኩል እኔ ነኝ፤ ጎረቤትህ አንድ ብቻ ይሆናል።"

"ያዝልኝ" አለ። "ግማሹን አተረፍክልኝ ማለት ነው።"

ሳቀ። ሚልት መኪናውን አቆመ፣ ኦርቪል የመቀመጫውን ቀበቶ ማሰር ሲያቅተው ጎንበስ ብሎ አሰረለትና ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ኦርቪል ተላጭቶ መጣ። አገጩን ሁለት ቦታ ቆርጦታል። ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ወንበር ሚልት፣ ዶሪንና አንድ ሌላ ሰው እኩል ጠየቁ። እንደዚህ ሲሆን ካርታ ይሳባል፤ ትልቁን ያወጣ ይቀመጣል። ሦስት ካርታ ዘረጋሁላቸው። ማንም ኦርቪልን ቀና ብሎ አላየውም፤ እሱ ግን እንደማንኛውም ተመልካች ካርታዎቹን ያይ ነበር። ሚልት ሰባት አወጣ፣ ያኛው አራት። ዶሪን ንግሥት አወጣች።

"ዛሬ ቀንሽ ነው" አላት ሚልት።

ዶሪን ቦርሳዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ኦርቪል ከወንበሩ ተነሣ፤ በሚንቀጠቀጠው እጁ ከጎኑ ያለውን ወንበር ወደ ኋላ ሳበላት፣ እስክትቀመጥም ይዞላት ቆየ።