ሦስተኛው «እንዴት ነሽ?»

ኮሌጃችን ውስጥ አንድ ቢሮ የምንጋራው ጓደኛዬ ኮድ ይጽፋል፤ እኔ ሳይኮሎጂ አስተምራለሁ። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች አፕ እንሥራ ብለን የተስማማነው ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላን ነው። ጥናታቸውን ያግዛል፣ ሆድ ሲብሳቸውም ያዋያቸዋል አልን።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳቀኝም፣ አናደደኝም። አፑ «እንዴት ነሽ?» ሲል ሁሉም «ተመስገን» ብለው ይዘጉታል። ፈተና የወደቀውም ተመስገን፣ ስታለቅስ የዋለችውም ተመስገን! ለነገሩ እኛ አገር ለመጀመሪያ ሰላምታ እውነቱን የሚመልስ ማን አለ? ስለዚህ አፑም እንደ ሰው ደጋግሞ እንዲጠይቅ አደረግነው። «እንዴት ነሽ?» ይላል፣ «ጥናቱስ?» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «የምርሽን ንገሪኝ፣ እንዴት ነሽ?» ይላል። ሦስተኛው ላይ መጻፍ ጀመሩ። ጓደኛዬ መልሱ ከስልካቸው እንደማይወጣ ስለነገረኝ፣ ክፍል ገብቼ «የምትጽፉትን ማንም አያየውም» አልኳቸው።

አንድ ከሰዓት አንዲት ተማሪዬ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ከሩቅ አገር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት። የኮሌጁ ኃላፊ አስጠርተው «ትምህርቱን ትቼ ልጥፋ ብለሽ ጽፈሻል» ብለዋታል። ለአባቷም ደውለውላቸዋል፤ ሊወስዷት በመንገድ ላይ ናቸው።

እዚያው ከጎኔ ወደተቀመጠው ጓደኛዬ ዞርኩ። ከኮምፒውተሩ ቀና እንኳን አላለም።

«ኃላፊው ጠየቁኝ፣ የሚጽፉትን እንዲያዩ ከፈትኩላቸው። ለልጆቹ ብዬ እኮ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ከመጀመሪያው! በየጠዋቱ አብረን ሻይ ስንጠጣ፣ እኔ እነዚያ ልጆች ፊት ቆሜ ስምል፣ እሱ ሁሉንም ያውቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ቢተነፍስልኝ ምን ነበረበት? የእኔን አፍ ተውሶ ነው ልጆቹን ያታለላቸው። እንደ ወንድሜ አየው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ አጠገቤ ሲቀመጥ እንኳ ይከብደኛል።

ልጅቷ አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ ማንም አያየውም ብለውን ነበር እኮ» አለችኝ።

ወንበር ሳብኩላት።

ስልኳን ዘረጋችልኝ። «ስለ አባቴም ጽፌ ነበር። አባቴ ሳይደርስ ያጥፉልኝ።»

አፑን ከስልኳ አጠፋሁላት። እጄን ይዛ አመሰገነችኝ። የጻፈችው ሁሉ ኃላፊው ዘንድ እንዳለ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ አባቷ ደወሉ።