ትንሿ ጣቴና ባለሦስት ጎማዋ

መጀመሪያ የደነዘዘችው የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ናት። ባሕር ዳር ገበያው አጠገብ ባለችው የብስክሌት ሱቄ ውስጥ ቆሜ ለአንድ ደንበኛ ፍሬን እያጠበቅሁ ነበር። ጫማው የጠበበኝ መስሎኝ አወለቅሁት፤ አልለቀቀኝም። ከሁለት ሳምንት በፊት ክፉ ተቅማጥ ይዞኝ ገና መዳኔ ስለነበር የድካም ነው ብዬ ተውሁት። በማግስቱ የሁለቱም እግሮቼ ጣቶች ይነዝሩኝ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የሱቄን ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

ባለቤቴ ትርንጎ «ምን ሆነሃል?» ብትለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኋት። ይህን ያልሁት ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነው።

በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ገባሁ። የነርቭ ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ጉልበቴን በትንሽ የጎማ መዶሻ መታው። እግሬ አልተንቀሳቀሰም። ሌላውንም መታው። ያው ነው። ከጀርባዬ ፈሳሽ ወስደው መረመሩ። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።

«ጊላን ባሬ ሲንድረም ይባላል። ሰውነትዎ የተቅማጡን ኢንፌክሽን ልከላከል ብሎ የገዛ ነርቭዎን እየመታ ነው። አብዛኛው ሰው ይድናል። አሁን የምንጠብቀው ትንፋሽዎን ነው።»

ትንፋሼን ጠበቁ። እጄ ደከመ። ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። መዋጥ አስቸገረኝ። እየመጡ «በአንድ ትንፋሽ ይቁጠሩ» ይሉኛል። አሥራ ስምንት ደረስሁ። አሥራ አራት። አሥራ አንድ። ትርንጎ አብራኝ ትቆጥራለች፤ እኔ ስቆም እሷም ትቆማለች። ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለውን መድኃኒት አምስት ቀን በደም ሥሬ ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት አሥራ ሦስት ቆጠርሁ። ትርንጎ አሥራ አራትን ብቻዋን ጠርታ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ረጅምም ቢሆን ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ ስለነበረ አሁን ሳስበው ደስ ይለኛል። በፊዚዮቴራፒ መጀመሪያ መቀመጥን፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች መቆምን፣ ከወራት በኋላም በአንዲት ከዘራ መሄድን እንደ ሕፃን ተማርሁ። ጉልበቴን በመዶሻው ሲመቱት እግሬ እንደ ድሮው መፈናጠር ጀመረ። ያልተመለሰልኝ ሚዛኔ ነው፤ የእግሬም ጫፍ ስሄድ ወደ መሬት ያዘነብላል። አንድ ቀን ከሱቄ አንዱን ብስክሌት አውጥቼ ወጣሁበት፣ ሁለት ዙር ፔዳል ሳልመታም ጎረቤቴ ያሰጣው በርበሬ ላይ ወደቅሁ። ሃያ ዓመት ሰው ብስክሌት ላይ ሳስቀምጥ የኖርሁ ሰውዬ በርበሬ ውስጥ ተዘርግቼ አስነጥሳለሁ። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ ቤት ገብቼ ግን ከትርንጎ ፊቴን አዞርሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ናት «ሚዛን የማይጠይቅ አለ እኮ፤ ባለሦስት ጎማ፣ ጀርባ ተደግፈው እግር ዘርግተው የሚነዱት» ያለችኝ። በከተማችን እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሸጥ የለም። እኔ ራሴ አንድ ሰው ጠይቆኝ ቢሆን ኖሮ የለም ብዬ እሸኘው ነበር። በስንት ማጠያየቅ አዲስ አበባ ውስጥ ሰናይት የምትባል ሴት ከቤቷ ግቢ ሆና ያገለገሉትን ከውጭ እያስመጣች እያደሰች እንደምትሸጥ ሰማሁ። ወንድሟ በስትሮክ አንድ ጎኑ ደክሞ ለእሱ ብላ ነው የጀመረችው። ገዢው ጥቂት ነው፤ ለአንዱ ደንበኛ የምታጠፋው ጊዜ ግን እኔ በሳምንት ለሁሉም የማላጠፋው ነው። በስልክ ጥያቄ አወረደችብኝ። ዝቅ ካለ ወንበር ብቻዎን ይነሣሉ? ቁርጭምጭሚትዎ ይታዘዛል? የትኛው እጅዎ ነው ፍሬን አጥብቆ የሚይዘው? እኔ ደንበኛዬን የምጠይቀው ቀለም ነበር።

በመጨረሻ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ መሬት ላይ እንድቀመጥ፣ ትርንጎም ከግድግዳው እስከ ውስጥ እግሬ ድረስ በሜትር ለክታ እንድትነግራት አዘዘችን። በእኛ ሱቅ ደንበኛ የሚለካው ብስክሌቱን በሁለት እግሩ መሐል አድርጎ ቆሞ ነው። መሬት ላይ ተቀምጬ መለካቴ ቀልድ መሰለኝ።

ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ፣ መቀመጫው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ያለ። ፔዳሎቹ ላይ ተረከዝ የሚያርፍባቸው ሁለት ማቀፊያዎች ታስረዋል። መቀመጫው ላይ ሰናይት በእጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፤ «በልክዎ ተስተካክሏል። ሳይደውሉልኝ ምንም አይፍቱ» ይላል።

እዚህ ላይ የብስክሌት ነጋዴ ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራሁ። በእኛ ሙያ ከሌላ ነጋዴ እጅ የመጣን ብስክሌት ፈትተን በራሳችን ቁልፍ መልሰን ሳናጠብቅ ሰው አናስቀምጥበትም፤ ነውር ነው። ወረቀቷን ገንጥዬ ኪሴ ከተትሁ። ፔዳሉን የያዘውን ቧንቧ አራት ጣት ወደ ፊት አስረዘምሁት፤ ሃያ ዓመት ለደንበኛ «እግርህ ቀጥ ይበል» ስል የኖርሁ ነኝና። የተረከዝ ማቀፊያዎቹንም አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ጣልኋቸው። እውነቱን ልናገር፣ አፍሬባቸው ነው። የበሽተኛ ዕቃ መሰሉኝ።

የመጀመሪያዎቹን ቀኖች አልረሳቸውም። ተንጋልሎ የሚነዳ ሰው መንገዱን ብቻ ሳይሆን ሰማዩንም ያያል፤ የሐይቁ ዳር ዘንባባዎች ጫፍ ላይ ስንት ወፍ እንደሚኖር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች «ጋሼ፣ ሶፋውን ወዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ሳሎኑን ልፈልግለት ነው» እላቸዋለሁ። የዘጌ ጀልባዎች የሚነሡበት ወደብ ድረስ ሄጄ፣ ውሃውን አይቼ፣ ማንም ሳይደግፈኝ እመለሳለሁ። ትርንጎ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ስታየኝ ግን ልብስ የምታሰጣ ትመስላለች።

በአምስተኛው ቀን ከሐይቁ ስመለስ የግራ እግሬ ትንሿ ጣት ደነዘዘች።

ቆምሁ። ጫማዬን አወለቅሁ። አሻሸኋት። የቀኙም ይነዝረኛል። ለማንም አልተናገርሁም። ቤት እንደገባሁ በአንድ ትንፋሽ ቆጠርሁ፤ ሃያ አምስት። ጠዋት ተነሥቼ ደግሞ ቆጠርሁ። ተመልሶ መጣብኝ ከሚለው በቀር ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልሁም።

በዚያው ሳምንት ሰናይት ደወለች። «እንዴት ነዎት? ተስማማዎት?» አለችኝ። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ተስማምቶኛል» አልኋት። በልቤም ምስጋና ፈልጋ ነው የደወለችው ብያለሁ። በእኔ ሱቅ ጥሩ ሽያጭ ማለት ደንበኛው ተመልሶ ያልመጣበት ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ደወለች። አሁን ሰላምታዋ አጭር ነው።

«ከነዱ በኋላ የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዝዎ?»

ይደነዝዝዎታል ወይ ብትለኝ ኖሮ አይ፣ ደህና ነኝ ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር። እሷ ግን መደንዘዙን አውቃ የጨረሰች ይመስል የምትጠይቀኝ የትኛው እንደሆነ ብቻ ነው። «ትንሿ» አልኋት።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። እሱ ደህና ነዎት ካለዎት ደግሞ ፔዳሉን በፎቶ ይላኩልኝ» አለችኝ። ትርንጎ ከጓዳ ሰምታኝ ኖሮ ነጠላዋን አንሥታ ቀድማኝ ወጣች።

ሐኪሙ መዶሻውን አነሣ። ትርንጎ ክንዴን ጨብጣለች። ጉልበቴን መታው። እግሬ ተፈናጠረ። ሌላውም ተፈናጠረ። ጣቶቼን እየገፋ ጉልበታቸውን ለካ፣ በመርፌ ጫፍ ነካካኝ፣ ድንዛዜው መቼ መቼ እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ሲነዱ ብቻ? አዎ። ሲያርፉ ይለቃል? ይለቃል።

«ይኼ ጊላን ባሬ አይደለም» አለ። «እኔ እርስዎን መረመርሁ፤ ሳይክሉን ደግሞ የሚያውቀው ይመርምረው።»

ፎቶውን ስትቀበል ሰናይት የተቆጣችኝን ያህል እናቴ እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም። እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ ሲነዳ ተረከዝን የሚይዝለት ካላገኘ ከፔዳሉ እንዳይወድቅ ጣቶች ጨምድደው ይይዛሉ፤ ቧንቧው አራት ጣት ሲረዝምበት ደግሞ ይባስ ይለጠጣሉ፤ ደሙ አይደርሳቸውም፣ ይደነዝዛሉ። እንዴት አወቅሽ ብላት «ሰው ሁሉ ደህና ነኝ ይላል፤ ስለዚህ እኔ የምጠይቀው የትኛው ጣት ብዬ ነው» አለችኝ። ማቀፊያዎቹን ከመሳቢያ አወጣሁ። ቧንቧውን ወደ ልኩ መለስሁት። ትርንጎ ከጎኔ ቁጢጥ ብላ ቁልፍ እያቀበለችኝ «አንተ ሰውዬ፣ ለሰው ሁሉ ስትለካ ኖረህ የራስህ እግር ጠፋብህ?» አለችኝ። በማግስቱ ወደቡ ድረስ ደርሼ ተመለስሁ። ጣቴ ጣቴ ነበረች።

ሰናይትን እስከ ዛሬ በአካል አላየኋትም፤ እወዳታለሁ ግን። የፊዚዮቴራፒ ክፍሏን ሴትና ወጣቱን ሐኪም እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ለትርንጎ የምለው ቃል የለኝም፤ አሥራ አራትን ብቻዋን የጠራች ሴት ናት። ይህ በሽታ የያዛችሁ ወይም የያዘውን ሰው የምታስታምሙ፣ ከእኔ ተማሩ። እግር ደንዝዞ ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ፣ ትንፋሽ ወይም መዋጥ ካስቸገረ ነገ አትበሉ፤ ያኔውኑ ሆስፒታል ሂዱ። ከዳናችሁ በኋላ የሚመጣው ስሜት ሁሉ በሽታው አይደለም፤ አለመሆኑን የሚነግራችሁ ግን ሐኪም ነው እንጂ ፍርሃታችሁም ይሉኝታችሁም አይደለም። በሚደግፋችሁ ዕቃ አትፈሩ። እኔ አፍሬበት ስንት ቀን በከንቱ ሞቼአለሁ።

አሁን በሱቄ አንድ ጥግ ባለሦስት ጎማዎቹን ከሰናይት እያመጣሁ እሸጣለሁ። ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው ገዢዬ በስትሮክ ግራ ጎናቸው የደከመባቸው አንድ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አንቱ ሲባሉ እንኳ የሚሽኮረመሙ ሰው። የሱቄ ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፌ፣ ግድግዳ አስደግፌ ለካኋቸው። በሳምንቱ ደወልሁላቸው።

«እንዴት ሰነበቱ፣ መሪጌታ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ቤተሰቡ ደህና?»

ሁሉንም መለስሁላቸው። ከዚያ ጠየቅሁ።

«ከነዱ በኋላ የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዝዎ?»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ማን ነገረህ?» አሉኝ።